አንድ ፍሬ ሳሙና ለምርቃት

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

እንደ እናቴ ለማከብርዎ ለእትዬ እህተማርያም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ አልጠናብዎትም? ልጅዎ ዘርትሁን ደኅና ናት? ልጆቿስ? እኔ፣ ባለቤቴ እልፍነሽ፣ ልጆቻችን፣ የድሮ ጎረቤቶችዎ በሙሉ፣ ሱቁ ደጅ ላይ ያለው ዋንዛ ሳይቀር፣ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን።

በሱቁ ማን ገባበት ላሉኝ፣ ቀበሌው ስብሰባ ይቀመጥበታል። መደርደሪያዎቹ እንዳሉ ናቸው። ባንኮኒው ግን የለም፤ ማን እንደወሰደው አልጠየቅሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጀርባው የቆምኩበት ነገር ስለሆነ ዛሬም ስገባ ባዶውን ቦታ ዞሬ ነው የማልፈው።

እርስዎ ሱቁን ዘግተው ወደ ልጅዎ ከሄዱ ወዲህ ያላንኳኳሁት በር የለም። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ ይፈልጋል ሲሉ ሄጄ ነበር። ‹የነጋዴ አሽከር ነበርክ፤ አመልህን ይዘህብን ትመጣለህ› ብለው መለሱኝ። ዱራሜም ሄጄ ነበር፤ እዚያም አልሆነም።

አሁን አንድ ማስታወቂያ ወጥቷል። የመንግሥት የጅምላ መደብር የሽያጭ ሠራተኛ ይፈልጋል። እንደ እኛ ሱቅ ለመጣ ሁሉ የሚሸጥ አይደለም፤ ለገበሬ ማኅበራት፣ ለኅብረት ሱቆችና ለመሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው። ስምንተኛ ክፍል ይበቃል ይላል። ግን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤና ደመወዝ ያለው ዋስ ይጠይቃል። ደመወዝ ያለው ሰው ደግሞ እኔ ከዘርትሁን በቀር አላውቅም። መጠየቁ ከብዶኝ ወረቀቱን ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ።

ለደመወዙ ብቻ የተጨነቅሁ እንዳይመስልዎ። በቀበሌያችን ሥራ የሌለው ሰው ስም እየተጻፈ ነው። ለሰፈራ ነው ይላሉ፤ መተከል የሚባል አገር። ከወዲያኛው መንደር የተጻፉት ሄደዋል፤ ደብዳቤ የጻፈ አንድም የለም። በር በተንኳኳ ቁጥር እልፍነሽ ልጆቹን አንድ በአንድ ታያለች።

ለሁሉም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ዋለ

*

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ኅዳር 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዋለ ልጄ፤

ደኅና ነኝ። አየህ? ሰላምታ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ያንተ ግማሹን ወረቀት በላው። ዋንዛው ደኅና መሆኑን ሳይቀር ነግረኸኝ ዋናው ነገር ጥግ ላይ ቀረ። ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ፤ ጠርሙስ የሰበርክ ቀን ነው ጤናዬን አጥብቀህ የምትጠይቀኝ።

ዋስነቱን ዘርትሁን ትፈርማለች። ቶሎ እሺ አላለችም፣ አልዋሽህም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያቺ ደመወዝ ናት እኔንም ልጆቿንም የያዘችው። ‹እማዬ፣ የሌላ ሰው ጥፋት ከልጆቼ አፍ ይውጣ?› አለችኝ። ‹ዋለ ማለት እኮ እጄ ነው፤ እጄን ነው የምትጠረጥሪው?› አልኳት። ፈረመች። ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ። እንግዲህ አደራ።

አሁን ስለ ሥራው። ለቤቱ የሚገዛ ሰው የሚፈራው መታለልን ነው። ጨርቁን ይጎትታል፣ ያሸታል፣ ይከራከርሃል፣ ከዚያ ይወስዳል። ለማኅበር የሚገዛ ሰው ግን የሚፈራው ሌላ ነው። አገሩ ተመልሶ ስብሰባ ፊት ይቆማል፤ ‹ይህን ለምን ገዛህብን?› ይሉታል። ስለዚህ ዕቃውን ከመስጠትህ በፊት ስብሰባ ላይ የሚመልሰውን መልስ ስጠው። መልሱን ይዞ ከወጣ ሌላ ጊዜም ይመጣልሃል። ይህን ለፈታኞችህ ንገራቸው፤ ከእኔ ሰማሁ እንዳትል ብቻ፤ እኔ አድኃሪ ነጋዴ ነኝ።

ስለ ምርቃት በአውቶቡስ ሹፌሩ በጥላዬ በኩል የላክህልኝን ጥያቄ ሳስበው ሰነበትኩ። በእኔ ሱቅ ጨው የገዛ እፍኝ ጨው፣ ጨርቅ የገዛች አንድ መርፌ ሳይጨመርላት ወጥታ አታውቅም። ‹ከከፈለው በላይ ይዞ ያልወጣ ሰው አይመለስም› እያልኩ ነው ያሳደግሁህ። ለማኅበርስ ይመረቃል ወይ? እንጃ ልጄ። ግን እደጅህ የሚመጣው ሰው ነው፤ ማኅተም ብቻውን አይመጣም። መደብሩ የመንግሥት ነውና ከመደብሩ ዕቃ ፍሬ እንዳትነካ። ከራስህ ብትጨምርለት ግን ማን ይከለክልሃል?

እህተማርያም

*

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንዳያሾፉብኝ አሳጠርኩ።

አለፍኩ!

የድጋፍ ደብዳቤው ነበር ያስቸገረኝ። ሊቀመንበሩ ‹ጸሎት ቤታችሁ ከተዘጋ ወዲህ የት ነው የምትጸልየው?› አለኝ። ‹ቤቴ።› ‹ከማን ጋር?› ‹ከእልፍነሽ ጋር።› ‹ከእልፍነሽ ጋር ሌላ ማን?› ‹እግዚአብሔር ካልተቆጠረ ማንም የለም› አልኩት። ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። ዕድለኛ ቀን ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን በዚያችው ቃል እስር ቤት እገባ ነበር።

ፈተናው ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወንዳፈረው ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ‹አንተ የምታውቀው በሳንቲም የሚገዛ ሰው ነው። ለማኅበር ምን ብለህ ትሸጣለህ?› አለኝ። የነገሩኝን አንድ በአንድ አልኩ። ጓድ ወንዳፈረው ብዕሩን አስቀምጦ ‹ይህን ማን አስተማረህ?› አለ። ‹ኑሮ› አልኩት። እርስዎን ኑሮ በማለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የገባሁት ለሙከራ ነው። ቋሚ መሆኔ በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። ስኳርና አቡጀዲ እንደመጣ ያልቃል፤ ሁሉም ይፈልገዋል። ማንም የማይፈልገው የብረት ትሪ ግን እስከ ጣራው ተቆልሏል። ስኳር የሚወስድ ማኅበር ትሪም አብሮ እንዲወስድ ማሳመን የእኔ ሥራ ነው። ‹ትሪው ካላለቀ አንተ ታልቃለህ› ይለኛል ጓድ ወንዳፈረው እየሳቀ። የሾኔዎቹ ገዢዎች ትሪ ከምንወስድ ስኳሩም ይቅር ብለው ተነሥተው ሄዱ። ይህን ለዘርትሁን አይንገሯት።

ልጅዎ ዋለ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ ዋለ፣ እልል ብያለሁ! ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ሮጦ መጣ።

የትሪው ነገር ግን አልጣመኝም። አንድ ጊዜ እኔም አልሸጥ ያለኝን ሻማ ከጨው ጋር አስሬ ለመሸጥ ሞክሬ ነበር፤ ሰው ፊቱን አዞረብኝ። ገበሬው በብረት ትሪ ምን ያደርጋል? መልስ የማይገኝለትን ዕቃ የወሰደ ሰው መጨረሻው አያምርም። የሚወስድልህ ከተገኘ ማን እንደሆነ ጻፍልኝ፤ የማውቀው ሰው ከሆነ አመሰግነዋለሁ።

ዘርትሁን ከሥራ ስትገባ ‹እማዬ፣ እጅሽ እንዴት ነው?› ትለኛለች። አንተን ማለቷ ነው። ደኅና ነው እላታለሁ።

እህተማርያም

*

ሆሳዕና፣ መጋቢት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድና ለተከበሩ እናቴ ለእትዬ እህተማርያም፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው? የጾሙ ወራት አልከበደዎትም? ዘርትሁን እንዴት ናት? ሥራዋ እንዴት ነው? ልጆቿ በትምህርታቸው በርትተዋል ወይ? ትልቁ ልጅ ያመው የነበረው ጆሮው ተሻለው? የኮልፌ ጎረቤቶችዎስ? በዚህ በኩል ሁላችንም ደኅና ነን። እልፍነሽ ደኅና ናት። ልጆቹ ደኅና ናቸው። በልጉ ጀምሯል። ዋንዛው አብቧል። የመናኸሪያው ሻይ ቤት ባለቤት ሰላም በሉልኝ ብላዎታለች። የእርስዎ ድመት ወልዳለች።

በሥራ በኩል፣ ትሪው አልቋል። የወሰደልኝ የአንጋጫው ኤሊያስ ነው። ለሚስቱ ለጵርስቅላ ሰማያዊ ሻሽ ሊገዛ እየሄደ እየተመለሰ ያደከመን፣ ያስታውሱታል። አሁን የማኅበራቸው ገዢ ሆኗል፤ ሆኖ ነበር።

ግምገማ ተደርጎ ነበር፤ ደኅና አለፈ። በቋሚነት ተቀጥሬያለሁ። ስሜም ከሰፈራው ዝርዝር ላይ ተሠርዟል።

ኤሊያስን ላመስግን ካሉ፣ ሰሞኑን አልመጣም።

ለዘርትሁን፣ ለልጆቿ፣ ለጎረቤት ሁሉ፣ ለማያውቁኝም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስ።

ልጅዎ ዋለ

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዋለ፤

ሰላምታህን ሳይ ጠርሙስ ተሰብሯል አልኩ። ድመቴን ሳይቀር አስወለድክልኝ። ድመት ኖሮኝ አያውቅም።

ጥላዬ ባለፈው ሐሙስ አውቶቡሱን አቁሞ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። እሱ ሹፌር ነው፣ የሰማውን ሁሉ ያራግፋል። ኤሊያስ በአንድ ሳሙና ምክንያት ታስሮ ነበር አለኝ። ከእስር ቢወጣም ስሙ ከሚሄዱት ጋር ነው አለ። ‹ዋለስ?› ብለው ‹ዋለማ ተሾመ› ብሎኝ ሻዩን ጠጣ።

ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች የእኔን ዕቃ ቤት አላዩም፤ ያልተከፈተ ጆንያ ነው መጀመሪያ የሚነቅዘው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጻፍልኝ፤ ጤናዬን ግን አትጠይቀኝ።

እህተማርያም

*

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

የሰበርኩት ይህ ነው።

ኤሊያስ የመጣ ቀን ስኳሩንና አቡጀዲውን ከጻፍንለት በኋላ ትሪውን አሳየሁት። ‹ይህን ማን ይበላበታል?› አለ። ከዚያ ‹አንተ ሙከራ ላይ ነህ አይደል? እንግዲያው ጫንልኝ› አለኝ። ለስብሰባው የሚሰጠውን መልስ አብረን አበጀን፤ ማኅበሩ ትሪዎቹን ለሠርግና ለለቅሶ እያከራየ ገንዘቡን ይመልሳል። ጥሩ መልስ ነበር። ባስተማሩኝ መሠረት ነው የሠራሁት።

ሊወጣ ሲል እጄ እንቢ አለኝ። አንድን ሰው ያንን ሁሉ ሸክም አሸክሜ ባዶውን መሸኘት አልሆንልህ አለኝ። ከቦርሳዬ አንድ ፍሬ ሳሙና አውጥቼ ‹ይህ ለጵርስቅላ፣ ምርቃት› አልኩት። ከቀበሌ ራሽን የደረሰኝ የራሴ ሳሙና ነው። ከመደብሩ ፍሬ አልነካሁም። እንዴት ደስ እንዳለው! ‹ያ ዘመን ያለፈ መስሎኝ› አለ።

ደስታውን በሆዱ መያዝ አልቻለም። አንጋጫ ገበያ ላይ ‹ዋለን መንግሥት ቢቀጥረውም ምርቃቱን አልተወም› ብሎ ተናገረ። በትሪው የተቆጡ ነበሩ፤ ሰሙት፤ ወደ እኛ መጡ። ለካ በሱቅ የሚገዛው ሰው ለራሱ ስለሚገዛ ነው ምርቃቱም የእሱ የሚሆነው። ኤሊያስ የገዛው ለማኅበሩ ነው፤ እኔ የሰጠሁት ለቤቱ ነው። እኛ ምርቃት ያልነውን እነሱ ጉቦ አሉት። የራሴ ነው እንዳልል ሳሙናው የመደብሩ ዓይነት ነው፤ በአገሩ ሌላ ሳሙና የለም። ዕቃውን አምጣ ቢሉት ኤሊያስ ታጥቦበት አልቋል አለ።

ግምገማው ላይ ጓድ ወንዳፈረው ‹ትሪውን በጉቦ ነው ያራገፍከው?› አለኝ። የኢኮኖሚ አሻጥር የሚለውን ቃል ሌላው ተናገረ። አፌን ስከፍት ኤሊያስ ቀደመኝ። ‹እሱ ምንም አላጠፋም። ሳሙና ካልጨመርክልኝ አልገዛህም ብዬ ያስጨነቅሁት እኔ ነኝ› አለ። ጓድ ወንዳፈረው ወደ እኔ ዞሮ ‹ዋለ፣ እውነት ነው?› አለ።

እልፍነሽ ታየችኝ። ዘርትሁን የፈረመችበት ወረቀት ታየኝ። ‹እውነት ነው› አልኩ።

እኔን ‹ቀድመህ አልጠቆምክም› ብለው በማስጠንቀቂያ አለፉኝ። ትሪው ስላለቀ ደግሞ ቋሚ አደረጉኝ። ኤሊያስን በፖሊሶች መካከል አድርገው ሲያወጡት በር ላይ ተገናኘን። በገዛ አፉ እንዲህ አለኝ፦ ‹እኔ መሬት አለኝ ወንድሜ። ከኮሚቴው ቢያወርዱኝ ወደ እንሰቴ ነው የምመለስ። አንተ ምን አለህ?› ያን ቀን ያሰበው ይህንን ብቻ ነበር፤ እኔም ያሰብኩት ይህንን ነው። በኋላ ግን አንጋጫ መሬት ጠባብ ነው ተብሎ የሚሄዱ ሲመረጡ፣ ኮሚቴ ሆኖ ሕዝብ የበደለ ብለው መጀመሪያ የጻፉት እሱን ነው። መሬቱም ለሌላ ተሰጠ።

እትዬ፣ ሄጄ እውነቱን ልናገር? መኪኖቹ የሚመጡት ሰኔ ሳይገባ ነው ይላሉ። ተናገር ካሉኝ በማግስቱ እሄዳለሁ። አትናገር ካሉኝም እሰማለሁ። እኔ ለብቻዬ አልቻልኩም።

ዋለ

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዋለ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ በሚያዝያ ነው። ፖስታ ቤቱን አልወቅስም።

‹ሂድና ተናገር› ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስነሣ ዘርትሁን ከሥራ ገባች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ አየኋት። ደመወዟ ሲያዝ፣ ስሟ የአሻጥረኛ ዋስ ተብሎ ሲነሣ ታየኝና ቀደድኩት። ‹አትናገር› ብዬም ጻፍኩ። ያንን ደግሞ በእጄ ጽሕፈት ሳየው አስጠላኝ፤ እሱንም ቀደድኩት። እንዲህ ስል ግንቦት አለቀ። የአንተን ጥያቄ ያለ መልስ መተዌም መልስ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ሌላም ልንገርህ። ደብዳቤህን ሳነብ፣ ‹እውነት ነው አልኩ› የምትለው ላይ ስደርስ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ‹ተመስገን፣ ተረፍን!› ብዬ ጮኽኩ። ኤሊያስ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሳቁን አውቀዋለሁ እኮ፤ ሻሹን በመጨረሻ ሲገዛ በራሱ ላይ አስሮ አስቆን ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፈርኩ።

ሄዱ ወይ?

እህተማርያም

*

ሆሳዕና፣ ሰኔ 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ሄዱ።

መኪኖቹ መናኸሪያው አጠገብ አድረው ነው የተነሡት። እኔ አልሸኘሁም፤ መደብሩ ክፍት ነበር። ጩኸቱ ግን እዚያ ድረስ ይሰማል። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ጆንያ እደረድር ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን ጵርስቅላ መጥታ ነበር። ዘበኛው ‹ለግለሰብ አይሸጥም› ብሎ ከለከላት። ‹ልገዛ አይደለም የመጣሁት› ብላ ገባች። ሰማያዊውን ሻሽ እንደ ጥቅል ይዛዋለች። ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። ሳሙናው ነው፤ ውሃ አልነካውም። ያ ሁሉ ሰው ሲፈልገው እሷ ደብቃው ኖራለች።

‹ኤሊያስ አላወቀም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት› አለች። ‹ለፋሲካ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን በዚህ ልጆቼን አላጥብም።› ከዚያ ሻሿን አራግፋ አሰረችና ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳሙናው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ወደ መደብሩ እንዳልቀላቅለው ቆጠራ ሲመጣ ትርፍ ይሆናል፤ ትርፍም እንደ ጉድለት ያስጠይቃል። ቤቴ እንዳልወስደው እልፍነሽ ታውቀዋለች። ለሰው እንዳልሰጠው፣ እኔ ለሰው መስጠት ትቻለሁ። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ይሸተኛል።

ከአንጋጫ አሁን ሌላ ገዢ ይመጣል። ስኳሩንና አብሮ የሚሰጠውን ዕቃ እጽፍለታለሁ፤ ይፈርማል፤ ይሄዳል። አላወራውም፣ ከወንበሬም አልነሣለትም። ትናንት ጓድ ወንዳፈረው ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ትከሻዬን መታ አድርጎ ‹አሁን ገና የጅምላ ሻጭ ሆንክ› አለኝ።

እትዬ፣ ይህን ሳሙና ምን ላድርገው?

ዋለ

*

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዋለ ልጄ፤

ለጥላዬ ስጠውና ያምጣልኝ። ምን እንደሆነ አትንገረው፤ ያወራል።

‹ከራስህ ብትጨምርለት ማን ይከለክልሃል› ያልኩህ እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩህም እኔ ነኝ። ስለዚህ የእኔ ዕቃ ነው። የዘርትሁንን ልጆች ልብስ አጥብበታለሁ፣ እስኪያልቅ ድረስ፤ ሌላ ሰው አላስነካም። ዳቦ የበሉት በኤሊያስ ነው፤ ንጹሕም በእሱ ይልበሱ።

ዘርትሁን ዛሬም ከሥራ ገብታ ‹እማዬ፣ እጅሽ እንዴት ነው?› አለችኝ። እስካሁን ደኅና ነው ስላት ነበር የኖርኩት። ዛሬ አልመለስኩላትም። ሳሙናው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም ከመጀመሪያው እነግራታለሁ።

እህተማርያም